«ባለቤቴ 15ቱን ቀን የሴት ገንዘብ ነው ይላል»

የዚህ ወር ደብዳቤዎች የአራስ ቤት ሽታ አላቸው። ሦስቱን መረጥኩ። አንዱን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፣ ምክንያቱም የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። እኔም ከፉትስክሬይ ገበያ ስመለስ መንገድ ላይ እያስቆማችሁ የምትጠይቁኝ እሱኑ ነው።

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ሜልበርን፣ ሰንሻይን ነው። የመጀመሪያ ልጄን ለመጋቢት 11 እጠብቃለሁ፤ ሆስፒታሉ ማርች 20 ብሎኛል። ሥራዬ ቢሮ ጽዳት ነው። ካዡዋል ነኝ፣ ቋሚ ቅጥር የለኝም፤ በሳምንት ሁለት ሺፍት፣ ስድስት ስድስት ሰዓት። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ግንቦት እናቴ ስላረፈች አገር ቤት ሄጄ ነበር። አርባዋን ካወጣን በኋላም የቤት ጉዳይ ጎተተኝ። የመጨረሻ ሺፍቴ ግንቦት 27 ነበር፤ ተመልሼ የጀመርኩት ነሐሴ 19 ነው።

አንዷ የሥራ ጓደኛዬ «ሥራ ስላቋረጥሽ የወሊዱ ገንዘብ ተቃጥሎብሻል» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ካዡዋል ምን ፈቃድ አለው?» አለች። ባለቤቴ ታክሲ ነው የሚነዳው፤ ሁለታችንም ዜግነት አለን። ለአባትም 15 ቀን አለ ሲባል ሰምቶ «እሱ የሴት ገንዘብ ነው፤ አገር ቤት ለአባት 3 ቀን አይደል እንዴ?» እያለ ይስቃል። ምን ይሻለኛል?

አራስ ልሆን ነኝ፣ ከሰንሻይን

መልስ

እህቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እናት ቀብሮ መጥቶ እናት ለመሆን መዘጋጀት ቀላል አይደለም። ማርያም ትቅረብሽ።

ደብዳቤሽን እንደጨረስኩ የቤተ ክርስቲያኑን ካላንደር ከግድግዳ አወረድኩ። የመንግሥትን ድጎማ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ ሴንተርሊንክ፣ ሥራሽን የሚመዝነው እንዲህ ነው። ከመውለድሽ በፊት ካሉት 13 ወራት 10ሩን ሠርተሽ መገኘት አለብሽ። በነዚያ 10 ወራት ቢያንስ 330 ሰዓት መሥራት አለብሽ። በሁለት የሥራ ቀኖች መካከል ደግሞ ከ12 ሳምንት የበለጠ ክፍተት መኖር የለበትም። ጓደኛሽ «ተቃጥሏል» ያለችው ይቺን የመጨረሻዋን ከሰው ሰምታ ነው።

እንቁጠር። የኛ ካላንደር ለዚህ ሥራ እንዴት ይመቻል መሰለሽ፤ ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ 30 ነው። ከግንቦት 28 እስከ ወሩ መጨረሻ 3 ቀን። ሰኔ 30። ሐምሌ 30። ነሐሴ እስከ 18። ድምሩ 81 ቀን። 12 ሳምንት ደግሞ 84 ቀን ነው። በሦስት ቀን አምልጠሻል! ያንን የቤት ጉዳይ አንድ ሳምንት ጨምረሽ ብትከራከሪበት ኖሮ ዛሬ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።

አሁን ሰዓቱን እንይ። 10 ወር ወደ 42 ሳምንት ይሆናል። ያልሠራሽበትን 12 ሳምንት ቀንሺ፤ 30 ሳምንት። በ12 ሰዓት ሲባዛ 360። ይኸም አለፈ፣ ግን በ30 ሰዓት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ፈራሁልሽ። ካዡዋል ስለሆንሽ የተሰረዘብሽ ሺፍት አይጠፋም። ስለዚህ ፔይስሊፖችሽን (የደመወዝ ወረቀቶችሽን) ሁሉ ዛሬ ማታ ሰብስቢና ሰዓቱን አንድ በአንድ ደምሪ። የጎደለ ከመሰለሽ አሁን ኅዳር ላይ ነን፣ ተጨማሪ ሺፍት ለመጠየቅ ጊዜ አለሽ። ቢያንስ ገና እስኪደርስ ሥራሽን አታቋርጪ።

«ካዡዋል ፈቃድ የለውም» ላለችው ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። ሁለት ነገር ነው የተቀላቀለባት። ገንዘቡ ሌላ፣ ፈቃዱ ሌላ። ገንዘቡ የመንግሥት ነው። ካዡዋልም ትሁኚ፣ ፓርት ታይምም፣ በራስሽ ኤቢኤን (የግል ንግድ ቁጥር) ሥሪ፣ ፈተናውን ካለፍሽ ይከፈልሻል። ፈቃዱ ግን ከአሠሪሽ ጋር ያለሽ ጉዳይ ነው። ካዡዋል ሆነሽም ለአንድ አሠሪ አንድ ዓመት በቋሚነት ከሠራሽና ወደፊትም እንደዚያው የምትቀጥይ ከሆነ፣ እስከ 12 ወር ያለ ደመወዝ ወጥተሽ ወደ ሥራሽ የመመለስ መብት አለሽ። አንቺ ሦስት ዓመት ሠርተሻል። ፈቃድሽ ከሚጀምርበት ቀን 10 ሳምንት ቀደም ብለሽ ለአለቃሽ በጽሑፍ አሳውቂ። በጽሑፍ ነው ያልኩሽ። ኮሪደር ላይ «አርግዣለሁ» ማለት ማሳወቅ አይደለም። ቴክስትም ቢሆን ላኪና ስክሪንሾቱን አስቀምጪ።

ስንት ነው? ከጁላይ 1 2025 ጀምሮ ለተወለደ ልጅ 24 ሳምንት ነው፤ በሥራ ቀን ሲቆጠር 120 ቀን። ክፍያው በሙሉ ሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ ልክ ስለሆነ በ2025–26 በሳምንት 948 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይመጣል፣ ታክስ ሳይቆረጥ። አሁን ደመወዝሽን አስቢው። በሳምንት 12 ሰዓት የምትሠሪ ሰው ነሽ፤ ይህ ከደመወዝሽ በደንብ ይበልጣል። ገንዘቡ ሲገባ ደንግጠሽ «ተሳስተው ነው» ብለሽ እንዳትደውዪ። አልተሳሳቱም። የቱንም ያህል ሰዓት ሥሪ፣ ክፍያው አንድ ነው። በላዩ ላይ 12 በመቶ ሱፐር (የጡረታ ቁጠባ) መንግሥት ይጨምርልሻል፤ እሱ የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ በቀጥታ ወደ ሱፐርሽ ነው የሚገባው።

ከ120ው ቀን ግን 15ቱ ያንቺ አይደለም። የባልሽ ነው። ባል ለሌላት እናት 120ውም የራሷ ነው። ባል ላላት ግን ከ105 በላይ አይሰጣትም። እሱ ካልወሰደው 15ቱ ቀን ወደ አንቺ አይዞርም። ይቃጠላል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለሱ አንብቢለት።

ወንድሜ፣ ስለ አገር ቤቱ አልዋሸህም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት 3 ቀን ነው የሚሰጠው። ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን። እዚያ ግን የሚከፍለው አሠሪው ነው። እዚህ የሚከፍለው ያንተው ታክስ ነው፤ ስትከፍል የኖርከው። በዚያ ላይ አገር ቤት አባት በ3 ቀን ሥራ ቢገባ ቤቱ ባዶ አይሆንም። አክስት አለች፣ ጎረቤት አለች፣ ገንፎ የምታገነፋ አለች። ሰንሻይን ዩኒት ውስጥ ማን አለ?

የራሴን ልንገርህ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ታኅሣሥ 19 ቀን 2003 ነው፤ በነሱ ዲሴምበር 28 ቀን 2010። የቁልቢው ገብርኤል ዕለት። ሁሉም ሰው «እንዴት ያለ ዕድለኛ ልጅ ነው» አለኝ። ዕድሉን ላሳይህ። ይህ የመንግሥት የወሊድ ክፍያ የተጀመረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ጀምሮ ለተወለዱ ልጆች ነው። ልጄ አራት ቀን ቢታገሰኝ ኖሮ! በእርግጥ ያኔ ቤቢ ቦነስ የሚባል ነበር፤ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ፣ በ13 ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጣል። እሱን አግኝቻለሁ፣ አልክድም። ለአባት ግን ምንም አልነበረም። ባለቤቴ እንዳንተው ታክሲ ነበር የሚነዳው። በሦስተኛው ቀን ማታ የአዲስ ዓመት ገበያ ነው ብሎ ወጣ። እኔ በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ልጁ አልጋው ውስጥ ሲያለቅስ ጎንበስ ብዬ ማንሳት አቃተኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በአልጋው ፍርግርግ እጄን አስገብቼ እግሩን ይዤ አብረን አለቀስን። ባለቤቴ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ኪራይ ነበረብን። ዛሬም ያን ሌሊት ሲያነሱበት አይወድም።

አንተ ግን 15 ቀን አለህ። በቀን 189 ዶላር ከ62 ሳንቲም ነው፤ 15ቱ 2,844 ዶላር ከ30 ይመጣል። ቀኖቹን በአንድ ላይ የመውሰድ ግዴታም የለብህም። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። 10ሩን ልጁ እንደተወለደ አከታትለህ ውሰድ፤ እናትም አባትም በአንድ ጊዜ የሚከፈላችሁ እስከ 20 ቀን ስለሚፈቀድ ገንዘቡ አይጋጭም። የቀሩትን 5 ቀን ሰኞ ሰኞ አድርገው። ሰኞ ገበያው ምን እንደሚመስል እኔ አልነግርህም። ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ መጠቀም ትችላለህ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። የተከፈለህን ቀን መኪና እንዳትነዳ። «አንድ የኤርፖርት ጉዞ ብቻ» የሚባል ነገር የለም፤ ጉዞው በሰዓትና በደቂቃ ይመዘገባል። አንተም እንደ ሚስትህ የ13 ወሩን የሥራ ፈተና ማለፍ አለብህ። ማመልከቻህም የራስህ ነው፤ በሷ ማመልከቻ ውስጥ ስምህ ስለተጻፈ ገንዘቡ አይመጣም። ብዙ ወንድ የሚቀርበት እዚህ ጋ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ማመልከት የሚቻለው ከመውለጃ ቀን ሦስት ወር አስቀድሞ ነው። ያንቺ ከታኅሣሥ 11 ጀምሮ ይሆናል። ማይጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ገብተሽ ከሴንተርሊንክ ጋር ካገናኘሽው ሁሉም እዚያው ያልቃል። ስትወልጂ አዋላጇ ወይም ሐኪሙ የሚፈርሙት የልደት ማረጋገጫ አለ፤ ከሆስፒታል ሳትወጪ መሞላቱን ጠይቂ። የልጁን ልደትም ማስመዝገብ አለብሽ። ከወለድሽ በኋላም ማመልከት ይቻላል፣ ግን እባክሽ ክርስትናው ይድረስ ብለሽ አታቆዪው። አንድ ዓመት በላይ የሠራሽበት ቦታ ስለሆነና ቢያንስ 8 ሳምንት አከታትለሽ የምትወስጂ ከሆነ፣ ገንዘቡ እንደ ደመወዝ በአሠሪሽ በኩል ነው የሚመጣልሽ። የአሠሪሽ ገንዘብ ግን አይደለም። «ካምፓኒው አቅም የለውም» የሚል አለቃ ካጋጠመሽ መንግሥት ልኮለት የሚያስተላልፈው መሆኑን በትሕትና አስታውሺው።

እንግሊዝኛው ከከበደሽ 131 202 ደውዪና «አማርኛ» በዪ። አስተርጓሚው ነጻ ነው። የእህትሽን የ12 ዓመት ልጅ ስልክ ላይ አቁመሽ ስለ ማሕፀንሽ አታስተርጉሚው።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ መጤዎችም ይህን እያነበባችሁ ከሆነ፣ ብዙዎቻችሁ ፐርማነንት (ቋሚ ነዋሪነት) ካገኛችሁ በኋላ ለዚህ ክፍያ 2 ዓመት መጠበቅ ይኖርባችኋል። በስደተኛ ወይም በሂውማኒቴሪያን ቪዛ የገባ ግን አይጠብቅም። «ሁሉም 2 ዓመት ይጠብቃል» የሚለውን የቡና ቤት ሕግ አትመኑ። ከጁላይ 1 2026 ጀምሮ ደግሞ ክፍያው 26 ሳምንት ይሆናል፤ የአባትየው ድርሻም 20 ቀን ይደርሳል። መጋቢት ላይ ለምትወልጂው አይደርስሽም። እኔም በአራት ቀን ያመለጠኝ ሰው ነኝና አዝንልሻለሁ።

ጥያቄ

እትዬ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ባለቤቴ ቤት ነው የምትውለው። ፋሚሊ ታክስ ቤኒፊት የሚባለው የልጆች ድጎማ እየተከፈለን ነበር። በነሐሴ የዕዳ ደብዳቤ መጣብኝ፤ የአንድ ዓመቱን ሁሉ መልሱ ይላል፣ ከ14 ሺህ ዶላር በላይ። አላጭበረበርንም። ደመወዜ ያው የመጋዘን ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

አባወራ፣ ከዳንደኖንግ

መልስ

ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። የ2023–24ን ታክስ ሪተርን፣ ማለትም የዓመት ገቢህን ማስታወቂያ፣ አስገብተሃል? አላስገባህም። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ታክስ አንድም ቃል የለበትም። ይህን የምለው ያንተ ዓይነት ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ፣ እውነት ሁሉም፣ ነገሩ እዚያው ጋ ስለሆነ ነው። «ታክሴ በየሳምንቱ ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ምን አለብኝ?» ይላሉ።

አለብህ። ያ ክፍያ በግምት ነው የሚሰጥህ። ዓመቱን ስንት እንደምታገኝ ነገርካቸው፣ በዚያ ሒሳብ ከፈሉህ። ግምቱን ከእውነቱ ጋር የሚያስተያዩት በታክስ ሪተርንህ ነው። የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ አንድ ዓመት ይጠብቁሃል። የ2023–24ቱ ጁን 30 ቀን 2025 ላይ አለቀ። ካላስገባህ ማስረጃ የለም ይሉና ሙሉውን መልስ ይሉሃል። ደብዳቤው በነሐሴ የመጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ይህ ሳምንት ሳያልቅ ሪተርኑን አስገባ። ዘግይቶም ቢሆን ሲገባ ዕዳውን በትክክለኛው ገቢህ እንደገና ያሰሉታል፤ አብዛኛው ይነሳልሃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የዓመቱ መጨረሻ ጭማሪ ግን አምልጦሃል፣ እሱን እርሳው። ሚስትህ ገቢ ባይኖራትም እሷ ሪተርን ማስገባት እንደማያስፈልጋት ለሴንተርሊንክ መንገር አለባችሁ፤ ዝም ካላችሁ የሷን ይጠብቃሉ። እስከዚያው ስልክ ደውልና ሪተርኑ እየመጣ መሆኑን አሳውቅ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ መክተት ዕዳውን አያጠፋውም፤ እኔ ጋ ፖስታው ሳይከፈት ለሦስት ወር የተቀመጠ መጥቶ ያውቃል።

ለወደፊቱም ግምትህን አስተካክል። ኦቨርታይም ሲበዛ በዚያው ሳምንት ማይጎቭ ላይ ገብተህ ከፍ አድርገው። የቤተሰቡ ገቢ በ2025–26 ከ66 ሺህ ዶላር ገደማ ሲያልፍ ከዚሁ ክፍያ ፓርት ኤ የሚባለው ከየአንዱ ዶላር 20 ሳንቲም እየተቀነሰ ይሄዳል። ለጥንቃቄ ገቢህን ትንሽ ከፍ አድርገህ ገምት። በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ የተረፈው ግን በዓመቱ መጨረሻ ተጠራቅሞ ይመጣል። እኔ ቤት ያ ገንዘብ ነው የእንቁጣጣሽን በግ የሚገዛው።

የሰንሻይኗ እህታችንም ይህን አንብቢ። የወሊዱን ክፍያ ከወሰድሽ የአራስ ልጅ ጭማሪው አይሰጥሽም፤ አንዱን ነው። ፓርት ቢ የሚባለውም የወሊዱ ክፍያ በሚከፈልሽ ጊዜ ይቆማል። ይህን ሳታውቂ «ቀነሱብኝ» እንዳትይ።

ጥያቄ

እናቴን እንድታርሰኝ ከአዲስ አበባ በቪዚተር ቪዛ ላስመጣት ነው። ልጁን የምትይዘው እሷ ስለሆነች መንግሥት የሚከፍላት ነገር ይኖር ይሆን? ሌላስ ማወቅ ያለብኝ አለ?

ከፉትስክሬይ

መልስ

አይከፍላትም። በዚያ ቪዛ ተቀጥራ መሥራትም አትችልም። ሜዲኬርም (የመንግሥት የጤና ሽፋን) የላትም፤ ኢትዮጵያ ከአውስትራሊያ ጋር የሕክምና ስምምነት ካላቸው አገሮች ውስጥ አይደለችም። ስለዚህ የጉዞ ኢንሹራንስ ሳትገዢላት እንዳታስመጪያት። የደም ግፊትም ስኳርም ካለባት ለኢንሹራንሱ አስቀድመሽ ተናገሪ። አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ማደር ከአውሮፕላን ትኬቱ ሊበልጥ ይችላል።

ሌላው ሻንጣዋ ነው። የገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ አብሽ፣ ሽሮ፣ ምን ያልያዘች እናት አለች? አውሮፕላን ውስጥ የሚሰጣት ካርድ ላይ ምግብ ይዣለሁ የሚለውን «አዎ» ብላ ትሙላ። ተናግራ ቢወስዱባት ምንም አይደለም፣ ሳትናገር ቢያገኙባት ግን ቅጣቱ ከባድ ነው። ካርዱን የሚሞላላት ሰው ከሌለ በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንደምታደርግ አሳይተሽ ላኪላት። ቅቤውን ግን እንዳታመጣ ከወዲሁ ንገሪያት። የእንስሳት በሽታ ካለባቸው አገሮች የሚመጣ የወተት ውጤት አያስገቡም፤ ኤርፖርት ላይ ይጣላል። የኔ እናት በ2003 ይዛ የመጣችው ሁለት ኪሎ ንጥር ቅቤ ዓይኗ እያየ ተጥሎ፣ ልጁን ከማየቷ በፊት ስለ ቅቤው ነው ያለቀሰችው። ኮረሪማውንና ኮሰረቱን እዚህ ከሐበሻ ሱቅ እንገዛለን። ቅቤውን ያለ ጨው ከሱፐርማርኬት ግዢና እሷው ታንጥረው።